ቴምብሩን ከፖስታው አትቁረጡት

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች የወጡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ነው። ፓሪስ የታተሙ ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ አራቱ የንጉሡን፣ ሦስቱ የአንበሳን ምስል ይዘዋል። ዋጋቸው ከሩብ እስከ 16 ግርሽ ነበር።

ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ነው። ከዚያ በፊት በእነዚህ ቴምብሮች ብቻ ደብዳቤ ባሕር አይሻገርም ነበር፤ በፈረንሳይ ሥር የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። የሁለቱም ቴምብርና ማኅተም ያለበት ፖስታ ለሰብሳቢ ከተነቀለ ቴምብር ይበልጣል፤ ደብዳቤው ከየት ተነሥቶ በየት እንዳለፈ ይናገራልና።

የእኛም ደብዳቤ እንዲሁ ነው። ኬኔሶም ሆነ ሌላው የአትላንታ አካባቢ፣ ከእናት ከአባት የተላከ ፖስታ በየሳጥኑ ያስቀመጠ ብዙ ነው። ልጆች ለአልበም ብለው ቴምብሩን ሲቆርጡት ማኅተሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኑና ከተማው ይጠፋል። ፖስታውን እንዳለ አስቀምጡት። የጆርጂያ ሙቀትና እርጥበት ወረቀት ስለሚያበላሽ፣ ያልተለጠፈ ቴምብርንም እርስ በርሱ ስለሚያጣብቅ፣ ጋራዥ ውስጥ አታኑሩት። ከጀርባው የላኪውን ስም በእርሳስ ጻፉለት፤ ነገ ልጆቻችሁ ይጠይቃሉ።