ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ ድረ ገጽ እንዴት እንደ ገባ

ዛሬ ድረ ገጽ ከፍቶ በጽሕፈቱ መካከል ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማየት እንደ ቀላል ነገር ይቈጠራል። ነገር ግን እዚህ ለመድረስ የብዙ ዓመት ድካምና ክርክር ጠይቋል። የነገሩን ሥር ማወቅ የሚጠቅም ስለ ሆነ በአጭሩ እናስረዳለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ዓለም አቀፉን ድር በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ያቀደው በ1989 ነው። በመጀመሪያ የታሰበውም ሊቃውንት ጽሑፋቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። በ1993 ማርክ አንድሪሰን የተባለው አሜሪካዊ ወጣት ሥዕልን በገጽ ውስጥ የሚያስገባ ምልክት አቀረበ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሞዛይክ የተባለው ብራውዘርም ሥዕልንና ጽሕፈትን አጣምሮ ለሕዝብ አሳየ።

ቪዲዮ ግን በየሴኮንዱ ብዙ ሥዕል የሚይዝ ከባድ ነገር ነው፤ በስልክ መስመር ይተላለፍ የነበረው ኢንተርኔት ደግሞ አዝጋሚ ነበር። ብራውዘሩም ቪዲዮን በራሱ ማጫወት ስለማይችል ሪልፕሌየርንና ኩዊክታይምን የመሰሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን መጫን ግድ ሆነ። ባንዱ የተሠራው በሌላው ላይታይ ይችላል፤ ተመልካቹም ይቸገር ነበር። ፍላሽ የተባለው ፕሮግራም በ2002 ቪዲዮ ማጫወት ከጀመረ በኋላ ግን አብዛኛውን ሥፍራ ያዘ። በ2005 የተመሠረተው ዩቲዩብም በፍላሽ ተጠቅሞ፣ ማንም ሰው ጥቂት የኮድ መስመር ቀድቶ በገጹ ላይ ቢያኖር ቪዲዮው እዚያው እንዲታይ አደረገ።

ዳሩ ግን ፍላሽ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። በ2007 የወጣው አይፎን አልተቀበለውም፤ የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስም ምክንያቱን በ2010 በግልጽ ደብዳቤ አስታወቀ። ኦፔራ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ደግሞ ቪዲዮን ማጫወት የብራውዘሩ የራሱ ተግባር እንዲሆን በ2007 ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህም ሐሳብ ኤችቲኤምኤል 5 በሚባለው ደንብ ውስጥ ገብቶ ደንቡ በ2014 ጸደቀ። ዩቲዩብ በ2015 ወደዚሁ አሠራር ተዛወረ፤ አዶቢም በ2020 መጨረሻ ለፍላሽ የሚሰጠውን አገልግሎት አቆመ። ከዚህም የተነሣ በፍላሽ ብቻ የተሠሩ ብዙ ገጾች ባዶ ሣጥን ሆነው ቀሩ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር እንጨብጣለን። ከሌላ ሥፍራ አምጥተን በገጻችን ላይ ያኖርነው ቪዲዮ በእውነቱ በእኛ ዘንድ የለም። በገጻችን ያለው አድራሻው ብቻ ነው፤ ቪዲዮው የተቀመጠው በሌላ ሰው ቤት ነው። ባለቤቱ ያነሣው እንደ ሆነ መምህሩ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው ትምህርት፣ ጸሐፊውም ለምስክርነት የጠቀሰው ማስረጃ ባንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ የራሳችሁ የሆነውን ቪዲዮ ዋናውን ቅጂ በእጃችሁ ጠብቁ፤ የሌላውንም ስታሳዩ ፍሬ ነገሩን ከሥሩ በጽሕፈት ግለጹ። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት በዚህም ነገር ሲፈጸም ይታያል።