ልቅሶን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለ መጻፍ

በአምቦ ወይም በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በአዲስ ዓለም አንድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ማልዶ ሲሄድ ቢያገኙትና ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁት፣ «ለቅሶ ልደርስ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህን ቃል እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ እንዳለ ቢመልሰው፣ ሰውየው ለማልቀስ ብቻ የተነሣ ይመስላል። ለቅሶ ግን በእኛ ዘንድ እንባም ነው፣ ጉባኤም ነው፣ የጎረቤት ዕዳም ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ እንባውን አይቶ ጉባኤውን ሳያይ ይቀራል። እንግዲህ ሐዘናችንን ለባዕድ ሕዝብ በባዕድ ቋንቋ የምንጽፍ ሰዎች፣ የምንመርጠው ቃል ሐዘኑን እንዳያሳንሰው ወይም እንዳያዋርደው መጠንቀቅ ይገባናል።

የሁለቱ ቋንቋዎች ቃላት ጎን ለጎን መሰለፍ የጀመሩት ትናንት አይደለም። ኢዘንበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሎንዶን አሳተመ። ከእርሱም በኋላ ሌሎች መዝገበ ቃላት ተከታትለው ወጥተዋል። ነገር ግን መዝገበ ቃላት የቃሉን ትርጉም ይነግራል እንጂ ቃሉ ለየትኛው ልቅሶ እንደሚስማማ አይነግርም። ይህን ለማወቅ የልቅሶን ወገን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፤ ልቅሶ የዓይን፣ የደረት፣ የድምፅና የቃል ተብሎ በአራት ሊከፈል ይችላልና።

የዓይን ልቅሶ እንባ ነው። ሰው እንባ አቀረረ፣ አነባ፣ እንባውን አፈሰሰ ይባላል። ለዚህ እንግሊዞች «ዊፕ» የሚለውን ቃል ይዘዋል። ቃሉ በጥንት ዘመን መጮኽን ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ግን ጸጥ ያለና ክብር ያለው ልቅሶ ነው። በየዕለቱ የሚናገሩት «ክራይ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያ መጣራትና መጮኽ ማለት ነበር፤ እንባን ማመልከት የጀመረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ «ክራይ» ለሕፃንም ለሽማግሌም የሚበቃ ቃል ሲሆን፣ ለታላቅ ሐዘን ግን ብዙ ጊዜ ያንሳል።

የደረት ልቅሶ ሳግ ነው። ሰው ሲቃ ሲተናነቀው፣ ትንፋሹ ሲቈራረጥና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተንሰቀሰቀ እንላለን። የእንግሊዝኛው «ሶብ» ይህንኑ የትንፋሽ መቈራረጥ በድምፁ የሚያስመስል ነው። እኛም «ስቅስቅ» ስንል ይህንኑ እናደርጋለን።

የድምፅ ልቅሶ ዋይታ ነው። ለዚህ የሚሆነው «ዌይል» ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩም እንደ እኛ «ወዮ» ያለ የሐዘን ድምፅ ነው። ነገር ግን በዚህ ስፍራ ጸሐፊው ይጠንቀቅ። «ቦውል» የሚለውን ቃል ቢያነሣ፣ እርሱ ከውሻ ጩኸት ጋራ የተዛመደ ነውና፣ ሐዘንተኛይቱን እናት ያዋርዳታል። «ዊምፐር» ቢልም ድምፅዋን አሳንሶ እንደሚነፋረቅ ልጅ ያደርጋታል።

የቃል ልቅሶ ሙሾ ነው። አልቃሿ የሟቹን ዘር፣ ሙያና ደግነት በግጥም እያወረደች ሕዝቡን ታስለቅሳለች። ለዚህ እንግሊዞች ከገዛ ቋንቋቸው የሚበቃ ቃል ስላጡ «ኪን» የሚለውን ከአየርላንድ ሰዎች ተበደሩ፤ በዚያም አገር ሴቶች በሟች ላይ በግጥም ያለቅሱ ነበርና። ቤተ ክርስቲያን ልቅሶ ከልክ እንዳያልፍ ከጥንት ጀምሮ አስተምራለች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በደመወዝ የሚያለቅሱትን ሴቶች በብርቱ ተግሣጽ ነቅፏል። ሆኖም በልክ የሚሆነውን ልቅሶ በቃል አክብራ ይዛለች፤ በጽጌ ወራት የሚባለው ሰቆቃወ ድንግል የዚህ ምስክር ነው። ለሰቆቃው የሚስማማው የእንግሊዝኛ ቃል «ላሜንት» ነው። የኤርምያስንም ሰቆቃው እንግሊዞች በዚሁ ቃል ሰይመውታል።

ቃልን የመምረጥ ነገር ቀላል እንዳይመስለን የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 11 እንመልከት። ስለ አልዓዛር ሞት ማርያምና አይሁድ ሲያለቅሱ ጽርዑ ድምፅ ያለበትን የልቅሶ ቃል ያኖራል፤ ስለ ጌታ ሲናገር ግን ከእንባ የተገኘውን ሌላ ቃል ያመጣል። በ1611 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ስፍራ «ዊፕ» ብሎ ልዩነቱን ሰወረው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛው መጽሐፍ ግን ለእነርሱ ማልቀስን፣ ለጌታ እንባ ማፍሰስን ሰጥቶ ልዩነቱን ጠብቋል። እንግዲህ የእንግሊዝኛ ቃላት በብዛት ቢበልጡንም፣ በመምረጥ የተጋ ሰው በማናቸውም ቋንቋ አይሸነፍም።

የአምቦ አገር ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ድካም ከሁለት ወገን አይቶታል። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ ተወልዶ በ1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ ያረፈው ይህ ባለቅኔ፣ የሼክስፒርን ሐምሌትና ኦቴሎ ወደ አማርኛ መልሷል። በሐምሌትም ውስጥ አባቱ የሞተበት ልጅ፣ እንባና ጥቍር ልብስ የሐዘን ምልክት ብቻ እንደ ሆኑ፣ እውነተኛው ሐዘን ግን በውስጥ እንዳለ ይናገራል። ጸጋዬ ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፈው ተውኔት በ1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ሲወጣ፣ በርእሱ ኦዳ የሚለውን የኦሮሞኛ ቃል «ኦክ» ከሚለው የእንግሊዞች ዛፍ ጎን አኖረው። ኦዳ ሾላ ነው፤ ኦክ ግን ሌላ ዛፍ ነው። ቢሆንም እንግሊዛዊው በሚያውቀው ዛፍ ግርማውን እንዲረዳ አደረገው፤ የራሱንም ቃል አልጣለም። ሙሾንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ ቃሉን እንዳለ አኑሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጥ ነው።

ይህ ሁሉ የትምህርት ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። የአምቦ ተወላጅ የነበረው ዘፋኝ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገድሎ፣ ሰኔ 25 ቀን በአምቦ ተቀበረ። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ በእንግሊዝኛ ተነገረ። ያን ቀን በአምቦ የነበረውን ልቅሶ ያላየ አንባቢ፣ የሚያየው ጸሐፊው በመረጠው ቃል ብቻ ነው። ጸሐፊው «ጮኹ» ብሎ ቢተወው አንባቢው ሁከት ይመስለዋል፤ «አለቀሱ» ብቻ ቢል እንደ ማንኛውም ቀብር ያልፈዋል። የቀባሪዎቹን ዋይታ በስሙ ጠርቶ፣ የሚሉትንም ቃል ሰምቶ ቢጽፍ ግን፣ ሩቅ ያለው ሰው ከለቅሶው ቤት እንደ ደረሰ ይሆናል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በእንግሊዝኛ ስለ ልቅሶ ለመጻፍ ብዕር ስታነሣ አስቀድመህ ሰውየው በዓይኑ ነው ወይስ በደረቱ፣ በድምፁ ነው ወይስ በቃሉ የሚያለቅሰው ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ አንድ የተገባ ቃል ምረጥ፤ ሦስት ቃል መደርደር ሐዘኑን አያበዛውምና። እንባውን በአንተ ቃል የምታምንህ ሐዘንተኛ፣ የጻፍኸውን ልታነብ ባትችል እንኳ፣ ብታነበው የማታፍርበት ይሁን።