ኢብኑ ነፊስና የልብ ግድግዳ፦ ስለ ደም ዝውውር ለተማሪዎቻችን ምን እናስተምር?

ስለ ሰው አካል አወቃቀርና አሠራር በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ የሙስሊም ሊቃውንት ስም በተነሣ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ አነጋገሮች ይሰማሉ። አንደኛው የደምን ዝውውር ከአውሮፓውያን በፊት ሙሉ በሙሉ ደርሰንበታል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሸሪዓ አስከሬን መክፈትን ስላገደ ሙስሊም ሐኪሞች ከግሪኮች የወረሱትን ከመድገም አላለፉም ይላል። ተማሪዎች ሁለቱንም ሰምተው ወደ መምህራቸው ይመጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የአንድን ፈቂህና ሐኪም ሥራ መሠረት አድርገን፣ ሁለቱም አነጋገሮች በማስረጃ ሲመዘኑ እንደማይጸኑ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ «ዓ.ሂ.» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉዳዩን ለመረዳት ዛሬ የሚታወቀውን በአጭሩ ማስቀመጥ ይበጃል። የሰው ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ ላይኛ፣ ሁለቱ ታችኛ ናቸው። ቀኙንና ግራውን ወገን ጠንካራ ግድግዳ ይለያቸዋል። ከሰውነት የተመለሰው ደም ወደ ቀኙ ወገን ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሳንባ ተገፍቶ ኦክስጅን ይቀበላል፤ ከሳንባም ወደ ግራው ወገን ተመልሶ ለመላ አካላት ይሰራጫል። የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። እንግዲህ ከቀኝ ወደ ግራ የሚወስደው መንገድ በሳንባ በኩል እንጂ በግድግዳው በኩል አይደለም።

በሁለተኛው ምእት ዓመት የኖሩት ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን፣ በዐረብኛው አጠራር ጃሊኑስ፣ ከዚህ የተለየ አስተምረዋል። በእርሳቸው አስተያየት ደም በጉበት ውስጥ ከምግብ ይሠራል፤ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል የደረሰውም ከፊሉ በግድግዳው ላይ ባሉ፣ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ወደ ግራ ይሰርጋል። ጋሌን የመረመሩት በአብዛኛው ዝንጀሮዎችንና ሌሎች እንስሳትን እንጂ የሰውን አስከሬን አልነበረም። ያም ሆኖ ትምህርታቸው ከሺህ ዓመት በላይ የሕክምና መሠረት ሆኖ ቆየ። ኢብኑ ሲና (980–1037) በ«አልቃኑን ፊ ጢብ» ኪታባቸው የጋሌንን ትምህርት ከአርስጣጣሊስ አስተያየት ጋር አስማምተው ሲያቀርቡ፣ ልብ ሦስት የውስጥ ክፍሎች አሉት የሚለውን ጭምር አስፍረዋል።

ይህን ውርስ በዓይን ምስክርነት መፈተን የተጀመረው ከኢብኑ ነፊስ በፊት ነው። የባግዳዱ ዓብዱለጢፍ (1162–1231) በግብፅ ሳሉ የናይል ሙላት በመቅረቱ ከ1200 እስከ 1202 የዘለቀ ብርቱ ረኀብ ደረሰ። በካይሮ አጠገብ በመቅስ የተከማቸውን የሟቾች አፅም ተመለከቱ። ጋሌን የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተገጠመ ነው ብለው ነበር። ዓብዱለጢፍ ግን እጅግ ብዙ የራስ ቅሎችን መርምረው በአዋቂ ሰው ዘንድ መንጋጋው መገጣጠሚያ የሌለው አንድ አጥንት መሆኑን መዘገቡ። ጋሌን ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆኑ፣ የስሜት ሕዋሳት ምስክርነት ከእርሳቸው ቃል ይልቅ የሚታመን መሆኑንም አስረዱ። ለተማሪ አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ ሕፃን ሲወለድ መንጋጋው በእርግጥ ሁለት ወገን ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይዋሐዳል።

ዐላኡዲን ዐሊ ኢብኑ አቢል ሐዝም አልቁረሺ፣ በተለምዶ ኢብኑ ነፊስ የሚባሉት፣ በ1213 ገደማ በደማስቆ አካባቢ ተወለዱ። ኑረዲን ዘንጊ ባሠሩት የኑሪ ቢማሪስታን ከታወቁት ሐኪም ከደኽዋር ሕክምናን ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ካይሮ ተሻገሩ። በካይሮ ሐኪም ብቻ አልነበሩም። በመስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒይን ፊቅህ ያስተምሩ ነበር፤ በአገራችን ብዙ ደረሳዎች የሚከተሉት መዝሀብ ይኸው ነው። በሺራዚ «አትተንቢህ» ላይ ሸርሕ፣ ስለ ሐዲስ ዕውቀት መርሆዎችም አጭር ድርሰት ጽፈዋል። በ687 ዓ.ሂ. (1288) ሲሞቱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ሱልጣን ቀላዉን ላቋቋሙት የመንሱሪ ቢማሪስታን ትተዋል። በመጨረሻ ሕመማቸው ሐኪሞች ወይን ጠጅ እንዲጠጡ ቢመክሯቸው እምቢ ማለታቸውም ተዘግቧል።

ለጉዳያችን ዋነኛው ኪታባቸው «ሸርሕ ተሽሪሕ አልቃኑን» ነው፤ በቃኑን ውስጥ ስለ አካል ክፍሎች በተጻፈው ላይ የተሰጠ ማብራሪያ ነው። በ640 ዓ.ሂ. (1242) የተቀዳ ቅጂ ስላለ፣ ኪታቡ የተጻፈው ገና 30 ዓመት በሚሆናቸው ጊዜ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ኢብኑ ነፊስ በዚህ ኪታብ ኢብኑ ሲናን በአክብሮት እየጠቀሱ አራት ነገሮችን ያርማሉ። ልብ ያለው ሁለት የውስጥ ክፍል እንጂ ሦስት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ድፍን ነው፤ የሚታይም ሆነ የማይታይ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ደሙ ከቀኝ ወጥቶ በሳንባ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ግራ መመለስ አለበት፤ በሳንባም ውስጥ በመጪውና በሂያጁ ደም ሥር መካከል መተላለፊያ መኖር ይገባዋል። ልብ ራሱ ምግቡን የሚያገኘውም በሥጋው ውስጥ ከተዘረጉት ደም ሥሮች ነው። ያን መተላለፊያ፣ ማለትም እጅግ ቀጫጭን የሆኑትን የደም ሥሮች፣ ኢጣሊያዊው ማልፒጊ በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በአጉሊ መነጽር እስኪያዩአቸው ድረስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አልፏል።

የዚህ ሥራ ወሰን ግን በግልጽ መነገር አለበት። ኢብኑ ነፊስ የገለጹት ደም በሳንባ በኩል የሚያደርገውን ጉዞ ነው። ደም በመላ ሰውነት ዞሮ ተመልሶ ወደ ልብ እንደሚመጣ አላስተማሩም፤ ይህን በ1628 በሒሳብና በሙከራ ያስረዱት እንግሊዛዊው ሐርቪ ናቸው። የሳንባውንም መንገድ በአውሮፓ ሰርቬተስ በ1553፣ ኮሎምቦም በ1559 በኅትመት ገልጸዋል። በደማስቆ ለብዙ ዘመን የተቀመጡት ኢጣሊያዊው አልፓጎ ከኢብኑ ነፊስ ድርሰት ከፊሉን ተርጉመው፣ ትርጉሙ በ1547 በቬኒስ ታትሟል። ይሁን እንጂ ስለ ሳንባ የሚናገረው ቃል በዚህ መንገድ ወደ አውሮፓ መሻገሩ አልተረጋገጠም። የራሳችን ሕዝብም ቢሆን ኪታቡን ረስቶት ነበር። በ1924 ግብፃዊው ሐኪም ሙሕዪዲን አጥጠጣዊ በጀርመን አገር ለዶክትሬት ማሟያ ሲያጠኑ ምንባቡን በበርሊን ቅጂ ላይ እስኪያገኙት ድረስ ጉዳዩ ሳይታወቅ ቆየ። ቀድመን ነበርን ብለን ስንኮራ፣ ይህን ረጅም ዝምታም ማስታወስ ይገባናል።

ሁለተኛው አነጋገርስ? ኢብኑ ነፊስ በመቅድማቸው አስከሬን ከመክፈት ሸሪዓውና የራሳቸው ርኅራኄ እንደከለከሏቸው ይናገራሉ። በዚያው ኪታብ ውስጥ ደግሞ ቀደምት ሐኪሞችን ሲያርሙ ተሽሪሕን በማስረጃነት ይጠራሉ። ስለዚህ የምርመራቸው ምንጭ እንስሳ ይሁን፣ ሌላ ይሁን ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ጥርጥር የለውም፤ የሙታንን ክብር መጠበቃቸው የወረሱትን ትምህርት ከመመርመር አላገዳቸውም።

እኛ ለመምህራንና ለኢማሞች ማስተላለፍ የምንወደው ይህንኑ ነው። የሐዲስን ዕውቀት የተማረ ደረሳ፣ ወሬ በተናጋሪው ዝና ብቻ እንደማይጸና፣ ሰነዱም መትኑም እንደሚመዘን ያውቃል። ኢብኑ ነፊስ በልብ ግድግዳ ላይ ያደረጉት ምዘና ለእንዲህ ያለ ደረሳ እንግዳ አይሆንበትም። የጋሌንም የኢብኑ ሲናም ታላቅነት የሌለውን ቀዳዳ ሊያኖረው አልቻለም። ይህን ሚዛን ለሌሎች ስናውል ለራሳችንም ልናውለው ይገባል፤ ኢብኑ ነፊስ ያልተናገሩትን በስማቸው መናገር እርሳቸውን ማክበር አይደለም። ተማሪው ያገኙትን በልኩ ቢማር፣ ዓሊሙንም ያከብራል፣ የልቡንም አሠራር በትክክል ያውቃል። አላህ የተሻለ ያውቃል።