የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ያነሣው ጥያቄ

ስለ ኢኮኖሚ ማሻሻያ አዲስ መግለጫ በተሰጠ ቁጥር ሐሳቤ ወደ አንድ አሮጌ ታሪክ ይመለሳል። ታሪኩ የተፈጸመው እኔ ከምኖርባት ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ነው።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ሕግ ነበር። ለዘመናት የገበሬውን ጫንቃ ያጎበጠውን አሥራት አስቀርቶ፣ ከገቢ ጋር ከፍ እያለ የሚሄድ ግብር የሚተካ ነበርና። እኔም የዚያን ጊዜ ባለሙያ ሆኜ ብጠየቅ ኖሮ ሳልደግፈው አልቀርም ነበር።

ጎጃም ግን የርስት አገር ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመሬት ግብር አዋጆች ሲወጡ አጥብቆ በመቃወሙ፣ መሬቱ ሳይለካ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍል ተትቶ ነበር። በደቡቡ የአገራችን ክፍል መሬት ተለክቶ ስንቱ ባለመሬት ጭሰኛ እንደሆነም ይሰማ ነበር። ስለዚህ ምርት ገማቾች በፖሊስና በነጭ ለባሽ ታጅበው በደጁ ሲቆሙ፣ ገበሬው የታየው የገቢ ግብር ሳይሆን የርስቱ መነቀል ነው። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተጠሉ ሹም ነበሩ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ማን የገማችን ሚዛን ያምናል?

ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አመፁ። የዛሬው የአዊ ዞን የሚገኝበት የያኔው የአገው ምድር አውራጃ፣ ዋና ከተማው ዳንግላ፣ የዳሞት ጎረቤት ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን እንደራሴው ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብሩን ማሩ። አዋጁ በጎጃም በወረቀት ላይ ቀረ።

ይህን ስጽፍ ዐመፅን ማወደሴ አይደለም። በዚያ ግጭት ያሸነፈ አልነበረም። መንግሥት ገቢውን አጣ፤ ገበሬው ሕይወቱን ገበረ፤ ከግብሩ ሊሠራ ይችል የነበረው ትምህርት ቤትና መንገድም ሳይሠራ ቀረ። ጥያቄው ግን አልሞተም፦ ስለ እኔ ኑሮ ሲወሰን ማን ጠየቀኝ? የምከፍለውስ ምን ሆኖ ይመለስልኛል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይኸው ጥያቄ ዳግም ተነሣ። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር በዚያው ዕለት ጸደቀ። ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ዋጋ አወጣ። የፖሊሲውን አመክንዮ አልክድም። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ሊዘልቅ የሚችል አልነበረም፤ ላኪውንም ይጎዳ ነበር። ነገር ግን ሕጉ መልካም መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ 1960 ዓ.ም. አስተምሮናል።

የፋግታ ለኮማን ገበሬ እንመልከት። ዲከረንስ ተክሎ፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ዶላር በእጁ ይዞ አያውቅም። ሆኖም ማዳበሪያው፣ የምግብ ዘይቱ፣ ከሰሉን ወደ አዲስ አበባ የሚያጓጉዘው መኪና ነዳጅ ሁሉ በዶላር የሚገዙ ናቸው። መንግሥት ድጎማ መመደቡን ነግሮናል፤ ድጎማው ዳንግላ ገበያ ምን ያህሉ እንደደረሰ ግን ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ቀርቦ አልሰማሁም። በዚያ ላይ ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። መተማመን በሳሳበት ምድር የሚጣል ማንኛውም ሸክም እጥፍ ይከብዳል።

ግብር የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የሚደረግ የቃል ኪዳን ውል ነው። ውሉ ሳይነበብለት እንዲፈርም የተጠየቀ ሰው ቢጠራጠር ሊፈረድበት አይገባም። የዛሬዎቹ ፖሊሲ አውጪዎቻችን የዋሽንግተንን ሰነድ በሚያነቡበት ትጋት የሞጣንና የዳሞትን ታሪክም ቢያነቡ፣ ቀጣዩን አዋጅ ከማወጃቸው በፊት ቀድመው የሚያማክሩት ማንን እንደሆነ ይገነዘቡ ነበር።

ቸር ያሰማን።