ቂርያት ቫይዝማንና ማየት የተማረው ኮምፒውተር

በእስራኤል ከረሆቮት ከተማ አጠገብ የሚገኘው ቂርያት ቫይዝማን የተባለው የቴክኖሎጂ መንደር የሚጎራበተው፣ ኬሚስቱ ሃይም ቫይዝማን እ.ኤ.አ. በ1934 የዳንኤል ዚፍ ተቋም ብለው ከመሠረቱትና በ1949 በእርሳቸው ስም ከተሰየመው የምርምር ተቋም ጋር ነው። በዚሁ ተቋም በ1954 እና በ1955 የተሠራው ዌይዛክ የእስራኤል የመጀመሪያ ኮምፒውተር ሲሆን፣ የታሰበው ለሒሳብ ስሌት እንጂ ለሕክምና አልነበረም። ማሽን ምስልን እንዲረዳ የሚያስችለው የኮምፒውተር እይታ የተባለው ዘርፍ ወደ ተቋሙ የመጣው ቆይቶ ሲሆን፣ በዋናነት ከሺሞን ኡልማን ምርምር ጋር ይያያዛል።

ይህ ዘርፍ ለሕክምናም ይፈለጋል፤ የሚጥል በሽታ ሐኪሞች የፈለጉት ከበሽታው ጠባይ የተነሳ ነው። በሽታው በሐኪም ፊት የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው፤ ሃንስ በርገር በ1929 ያስተዋወቀው የአንጎል ኤሌክትሪክ ምዝገባ፣ ማለትም ኢኢጂ፣ እንኳ በሽታው ባልተነሳበት ሰዓት ሲወሰድ ጤናማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮና ኢኢጂ አብረው መቀረጽ ጀመሩ። በኮምፒውተር እይታ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቪዲዮው ላይ የትከሻን፣ የክርንንና የእጅ አንጓን ቦታ በየቅጽበቱ እየለየ እንቅስቃሴውን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ በበሽታው ከባድ ጥቃት ሰውነት መጀመሪያ ድርቅ ብሎ ቀጥሎ ሲንቀጠቀጥ፣ በንቅጥቃጤዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ወደ ፍጻሜው እየረዘመ መሄዱ የሚለካውም በዚህ መንገድ ነው። ሰውየው ፈዞ ብቻ የሚቀርበት ጥቃት ግን ከካሜራው በቀላሉ ያመልጣል፤ ይህም ትንሽ ጉድለት አይደለም።

በኢትዮጵያ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ተዘዋውረው ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው የተገለጸ ሲሆን፣ እንዲህ ባለው ገጠር ለምርመራ ዋናው መነሻ ቪዲዮ ሳይሆን ጥቃቱን ያየ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ነው።