ዴካትሎን እና ሄፕታትሎን፡ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የክልል ሻምፒዮና ለማካሄድ ምን ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ በዓለም የሚታወቀው በመካከለኛ እና በረጅም ርቀት ሩጫ ነው። ሀገሪቱ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ሲኾኑ፣ ከእነዚህ መካከል አጭሩ ርቀት ፅጌ ዱጉማ እ.አ.አ በ2024 በፓሪስ የብር ሜዳሊያ ያጠለቀችበት 800 ሜትር ነው። ሩጫን፣ ዝላይን እና ውርወራን በአንድ አትሌት የሚፈትኑት ዴካትሎን እና ሄፕታትሎን ግን እምብዛም አይዘወተሩም። የውድድሮቹን ምንነት፣ የነጥብ አሠራራቸውን እና እንደ ደሴ እና ኮምቦልቻ ያሉ ከተሞች ለማስተናገድ ሊያሟሉ የሚገባቸውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ውድድሮቹ ምንድን ናቸው?

ስያሜዎቹ የግሪክ ሲኾኑ “ዴካ” ዐሥር፣ “ሄፕታ” ደግሞ ሰባት ማለት ነው። ዴካትሎን የወንዶች ውድድር ሲኾን በሁለት ተከታታይ ቀናት ይካሄዳል። በመጀመሪያው ቀን 100 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ አሎሎ ውርወራ፣ ከፍታ ዝላይ እና 400 ሜትር፤ በሁለተኛው ቀን 110 ሜትር መሰናክል፣ ዲስከስ ውርወራ፣ ምርኩዝ ዝላይ፣ ጦር ውርወራ እና 1 ሺህ 500 ሜትር ይከናወናሉ።

በሴቶች ሄፕታትሎን የመጀመሪያው ቀን 100 ሜትር መሰናክል፣ ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎ ውርወራ እና 200 ሜትር፤ የሁለተኛው ቀን ርዝመት ዝላይ፣ ጦር ውርወራ እና 800 ሜትር ናቸው።

ዴካትሎን በዛሬው ይዘቱ ወደ ኦሎምፒክ የገባው እ.አ.አ በ1912 በስቶክሆልም ነው። ሄፕታትሎን በበኩሉ በ1984 በሎስ አንጀለስ የቀድሞውን የሴቶች ፔንታትሎን ተክቶ ተጀምሯል። የዴካትሎን የዓለም ክብረ ወሰን ፈረንሳዊው ኬቪን ማየር በ2018 ያስመዘገበው 9 ሺህ 126 ነጥብ ነው። የሄፕታትሎኑ ደግሞ አሜሪካዊቷ ጃኪ ጆይነር ከርሲ በ1988 በሴኡል ያስመዘገበችው 7 ሺህ 291 ነጥብ ሲኾን እስካሁን አልተሰበረም።

ነጥብ እንዴት ይሰጣል?

በእነዚህ ውድድሮች ቀድሞ መግባት ብቻውን አያሸልምም። እያንዳንዱ ሰዓት፣ ርዝመት እና ከፍታ በዓለም አቀፍ ቀመር ወደ ነጥብ ይቀየራል፤ አሸናፊው የሚለየው በድምር ውጤት ነው። በዴካትሎን 1 ሺህ ነጥብ ለማግኘት 100 ሜትርን ከ10 ሰከንድ ከ40 በታች መሮጥ፣ በርዝመት 7 ሜትር ከ76 መዝለል፣ አሎሎን 18 ሜትር ከ40 መወርወር ወይም 1 ሺህ 500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ከ79 ማጠናቀቅ ይጠይቃል።

ለኢትዮጵያውያን ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ስሌት ውስጥ ነው። 1 ሺህ 500 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የሚጨርስ አትሌት 680 ነጥብ ያገኛል። በ3 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ከሚገባው ጋር ያለው ልዩነት 320 ነጥብ ገደማ ነው። በምርኩዝ ዝላይ 3 ሜትር ብቻ ማለፍ ግን 357 ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ በሩጫው 46 ሰከንድ የሚበልጥ አትሌት በምርኩዝ አንድም ከፍታ ካላለፈ ያ ሁሉ ብልጫው ይጠፋል። የሩጫ ብርታት መሠረት ቢኾንም ነጥቡ የሚሰበሰበው ድክመትን በማስተካከል ነው።

ደንቡም ጥብቅ ነው። በርዝመት ዝላይ እና በውርወራ እያንዳንዱ አትሌት ሦስት ሙከራ ብቻ አለው። አንዱን ውድድር ሳይጀምር የቀረ አትሌት ከአጠቃላይ ደረጃው ይወጣል።

የከፍታው ተጽዕኖ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ኮምቦልቻን ያገኛል። በደሴ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው።

ስስ አየር ለአጭር ርቀት ሯጮች እና ለርዝመት ዘላዮች ያግዛል። ቦብ ቢመን እ.አ.አ በ1968 በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 የዘለለው 2 ሺህ 240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ነበር። በሌላ በኩል አየሩ ከፍ አድርጎ የሚደግፈው ዲስከስ በስስ አየር ርቀት ይቀንሳል፤ 1 ሺህ 500 ሜትር እና 800 ሜትርም ይከብዳሉ። በመኾኑም በእነዚህ ከተሞች የሚመዘገብ ውጤት ቆላ ላይ ከተመዘገበው ጋር ሲነጻጸር ጥንቃቄ ይሻል።

አስተናጋጅ ከተማ ምን ማሟላት አለባት?

በሁለት ውድድሮች መካከል በተቻለ መጠን ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ በመጀመሪያው ቀን ማብቂያ እና በሁለተኛው ቀን መጀመሪያ መካከል ደግሞ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ስለዚህ አንዱን ውድድር ለሁለቱ ከተሞች ማካፈል አይቻልም። የሚሻለው አንዷ ከተማ ውድድሩን፣ ሌላኛዋ ልምምዱን እና ማረፊያውን ብትይዝ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የደኅንነት ቁሳቁስ ነው። በከፍታ እና በምርኩዝ ዝላይ ወፍራም የማረፊያ ፍራሽ ሳይኖር ማወዳደር አትሌቱን ለአንገት እና ለአከርካሪ ጉዳት ያጋልጣል። ምርኩዙም እንደ ዘላዩ ክብደት ስለሚመረጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት ማቅረብ አይቻልም። መሰናክሉ ሲነካ በቀላሉ የሚወድቅ ሊኾን ይገባል፤ በዓለም አቀፍ ደንብ ከላይኛው ጠርዝ ከ3 ነጥብ 6 እስከ 4 ኪሎ ግራም በሚኾን ኃይል ሲገፋ መውደቅ አለበት። ምርኩዝ እና ፍራሽ ከውጭ የሚመጡ ቢኾኑም መሰናክሎችን እና የአሎሎ መወርወሪያ ክብ ቀለበቶችን በኢንዱስትሪ በምትታወቀው ኮምቦልቻ ባሉ የብረታ ብረት ባለሙያዎች መሥራት ይቻላል።

የአፍሪካ ተሞክሮ

ይህ ዘርፍ ለአፍሪካውያን የተዘጋ አይደለም። አልጄሪያዊው ላርቢ ቡራዳ እ.አ.አ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ 8 ሺህ 521 ነጥብ ሰብስቦ አምስተኛ ወጥቷል። ጋናዊቷ ማርጋሬት ሲምፕሰን በ2005 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና በሄፕታትሎን የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። በረጅም ርቀት የምትታወቀው ጎረቤታችን ኬንያም የጦር ውርወራ የዓለም ሻምፒዮን አፍርታለች፤ የተወርዋሪ ምስሎችን በበይነ መረብ እየተመለከተ የተማረው ጁሊየስ ዬጎ በ2015 በቤጂንግ 92 ሜትር ከ72 ወርውሮ አሸንፏል።

የክልል ሻምፒዮና ዋና ፋይዳ ሜዳሊያ ማደል ብቻ አይደለም። በሩጫ ለብሔራዊ ቡድን ያልበቃ፣ ነገር ግን ፈጣን፣ ጠንካራ እና ለመማር የተዘጋጀ ወጣት ሌላ መንገድ የሚያይበት መድረክ ነው። ያ ወጣት በመጨረሻው 1 ሺህ 500 ሜትር ሀገሩ የምትታወቅበትን ብርታት እንዲያሳይ፣ አስቀድሞ ዘጠኙን ውድድሮች የሚያስተምረው አሠልጣኝ እና ያለ ስጋት የሚወድቅበት ፍራሽ ሊያገኝ ይገባል።