ይታደስ ወይስ ፎርማት ይደረግ? የአንድ ጥያቄ ታሪክ ከሊኑክስ ዓለም

ኮምፒውተራችሁ አስቸግሯችሁ ጥገና ቤት ብትወስዱት፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሰሙት መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዲስኩ ይጠረጋል፣ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩም ለጥቂት ወራት ፈጠን ፈጠን ይላል። ግን ሁልጊዜ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል እንዴ? ቤቱን ከማፍረስ ይልቅ ጣሪያውን ብቻ መቀየር አይቻልም? ጥያቄው የቴክኒሻን ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰውም ውሳኔው ይቀልለታል።

እስኪ አንድ ነገር አስቡ። በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ እንበል። የተጫነበት ኡቡንቱ 12.04 ነው፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 የወጣ የሊኑክስ እትም። የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ ማን ምን እንደተዋሰ የሚያሳየው መዝገብ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። ሥርዓቱን ያዘጋጁት መምህር ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረዋል፤ እንዴት እንደሠሩት የሚገልጽ ማስታወሻም አልተዉም። አሁን ደግሞ እናንተን «ኮምፒውተር ትችላላችሁ አይደል? እስኪ አስተካክሉት» አሏችሁ። ምን ታደርጋላችሁ?

መልሱን ለመጨረሻ እናቆየውና ወደ ኋላ እንመለስ።

ሁሉም አፍርሶ ይሠራ የነበረበት ዘመን

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስን ለሕዝብ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ነው። እሱ የሠራው ግን ከርነሉን፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘውን እምብርት ብቻ ነበር። ከርነል ብቻውን ኮምፒውተር አያሠራም። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች ከርነሉን ከብዙ ፕሮግራሞች ጋር አንድ ላይ አሰናድተው ማከፋፈል ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኤስኤልኤስ የተባለው ስርጭት ነው። በፍሎፒ ዲስክ ነበር የሚመጣው። አንዱን ፍሎፒ ታወጣላችሁ፣ ሌላውን ትከታላችሁ፣ እንዲህ እያላችሁ ትጭናላችሁ። አዲስ እትም ሲመጣስ? አብዛኛውን ጊዜ ያው ሥራ ከ«ሀ» ይጀምራል።

ለምን? ችግሩ የማስታወስ ነበር። በዲስኩ ላይ ካሉት በሺህ ከሚቆጠሩ ፋይሎች የትኛው የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ፣ የትኛው ያለ የትኛው መሥራት እንደማይችል በቅጡ የሚመዘግብ ነገር ከሌለ፣ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን በቦታው መተካት በጨለማ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደ መፈለግ ነው።

በኤስኤልኤስ ስህተቶች ከተማረሩት መካከል ኢያን መርዶክ የተባለ የ20 ዓመት አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1993 ዴቢያን የተባለ አዲስ ስርጭት እንደሚጀምር አስታወቀ። ስሙን ያገኘው ከፍቅረኛው ከዴብራ እና ከራሱ ስም ከኢያን ነው። የዴቢያን ልብ ዲፒኬጂ የተባለ ፕሮግራም ሆነ። ዲፒኬጂ እንደ ጥሩ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ፣ የቱ ዕቃ የየትኛው ጥቅል እንደሆነ ይመዘግባል። መዝገብ ካለ ደግሞ ማደስ ይቻላል።

የቦኖው ውሃ ፈተና

ማደስ ይቻላል ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997 እና 1998 አካባቢ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ፕሮግራሞች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚጠቀሙበት አንድ የጋራ ላይብረሪ አለ፤ «ሊብሲ» ይባላል። እንደ ሰፈር ቦኖ ውሃ ቁጠሩት፤ ሁሉም የሚቀዳው ከእሱ ነው። በዚያን ጊዜ የሊኑክስ ዓለም ከአምስተኛው ሊብሲ ወደ ስድስተኛው መሻገር ነበረበት፤ ሁለቱ ደግሞ አይመሳሰሉም። ቦኖው ተነቅሎ ሌላ እስኪተከል ሰፈሩ ሁሉ ይጠማል። ከሁሉም የባሰው ነገር ደግሞ፣ እድሳቱን የሚያካሂዱት ፕሮግራሞች ራሳቸው ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ቦኖ መሆኑ ነው። መሃል ላይ አንድ ነገር ከተሳሳተ ጠጋኙም አብሮ ይወድቃል።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ሆነ። አዲሱ ቦኖ ከአሮጌው ጎን ተተከለ፤ ሁለቱም ላይብረሪዎች በአንድ ዲስክ ላይ አብረው እንዲኖሩ ተደረገ። ከዚያ ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1998 ዴቢያን 2.0 ሲወጣ፣ የትኛው ጥቅል ከየትኛው መቅደም እንዳለበት የሚያውቅ አንድ አጭር ስክሪፕት ለተጠቃሚዎች ተዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ደግሞ ከዴቢያን 2.1 ጋር አፕት የተባለው መሣሪያ መጣ። አፕት የሚያስፈልገውን ከኢንተርኔት ወይም ከሲዲ ራሱ ፈልጎ፣ ቅደም ተከተሉን ራሱ አስልቶ ያሳድጋል። «አንዴ ጫን፣ ከዚያ እያደስክ ኑር» የሚለው ሐሳብ እውን የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

ሁሉም በዚህ መንገድ አልሄደም። በድርጅቶች ዘንድ የሚታወቀው የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ለብዙ ዓመታት ከአንድ ዋና እትም ወደ ቀጣዩ ለመሻገር የሚመክረው እንደ አዲስ መጫንን ነበር። ይህም የራሱ ምክንያት አለው፦ አዲስ የተጫነ ማሽን ምን እንዳለበት በትክክል ይታወቃል። የታደሰ ማሽን ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩንም ሁሌ አይናገርም።

ደረጃ አይዘለልም

የዴቢያን እድሳት አንድ ሕግ አለው፦ ደረጃ አይዘለልም። ከ10 ወደ 11፣ ከ11 ወደ 12 ይወጣል እንጂ ከ10 ተነስቶ 12 ላይ አይዘለልም። ኡቡንቱም ረጅም ድጋፍ ካላቸው እትሞቹ አንዱን ይዞ ወደሚቀጥለው ብቻ ያሻግራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሠሪዎቹ የሚሞክሩት ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ያለውን መንገድ ነው። የሊብሲን ታሪክ አስታውሱ፤ ድልድዩ የሚሠራው በሁለት ጎረቤት ዳርቻዎች መካከል ነው።

አሁን የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተር እንቁጠር። ከ12.04 ወደ 14.04፣ ከዚያ 16.04፣ 18.04፣ 20.04፣ 22.04፣ በመጨረሻም 24.04። ስድስት ደረጃ! በእያንዳንዱ ደረጃ ብዙ ዳታ ይወርዳል። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ፣ ዳታው ውድ ከሆነ አስቡት። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ዲፒኬጂ ያቋረጠበትን መዝግቦ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ከተነሳ ከዚያ መቀጠል ይቻላል። ችግሩ «ከተነሳ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

የታደሰ ቤት የማይረሳው ነገር

ማደስ ሌላም ነገር አለው፤ የድሮውን ልማድ ይዞ ይሄዳል። ለእኛ ለፊደል ተጠቃሚዎች ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጣችሁ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ዩኒኮድን የሚጠቀምበት አጻጻፍ፣ በተለይ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው፣ ካልተመረጠ ፊደሉ መኖሩ ብቻ ዋጋ የለውም። ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጁት የድሮ አጻጻፎች ከ256 የማይበልጡ ቦታዎች ነበሯቸው፤ «ሀ»ም «ለ»ም እዚያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ዴቢያን 4.0 እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ አዲስ የሚጫኑ ማሽኖች በዩቲኤፍ-8 እንዲጀምሩ አደረገ። ከድሮው እትም የታደሱ ማሽኖች ግን የነበራቸውን ምርጫ ይዘው ቀሩ።

ልብ በሉ፤ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ያለው ዴቢያን 4.0 ነው። አንዱ ላይ አማርኛ የፋይል ስም ያለ ምንም ጣጣ ይነበባል፤ ሌላው ላይ የጥያቄ ምልክት ሊደረደር ይችላል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እድሳት የባለቤቱን ቅንብር ያከብራል፤ ቀይረኸው ከሆነ ሳይጠይቅ አይሽረውም። ለዚህ ነው ጥሩ የሆነው፤ ለዚህም ነው አንዳንዴ የሚያስቸግረው።

መሰላሉ የሚያበቃበት ቦታ

አንዳንዴ ደግሞ የሚወጣበት ደረጃ ራሱ ያልቃል። ሊኑክስ የተወለደው ለኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ከርነል 3.8 ያንኑ 386 ተሰናበተው። በኋላ ደግሞ ተራው የ32 ቢት ኮምፒውተሮች ሆነ። የ32 ቢት ኡቡንቱ እስከ 18.04 ድረስ መታደስ ይችል ነበር፤ ወደ 20.04 ግን መንገድ የለውም። ዴቢያንም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለ32 ቢት ኢንቴል መሰል ማሽኖች ከርነልም መጫኛም ማቅረብ አቆመ።

ከዚህ ጀርባ አንድ አስገራሚ ቀን አለ። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመደመር ነው። እንዲህ ያለ ቆጣሪ በ32 ቢት ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ይህ የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። በሚቀጥለው ሰከንድ ቆጣሪው ተገልብጦ ወደ 1901 ይመለሳል። ዴቢያን ለ13ኛው እትሙ ሌሎቹን የ32 ቢት ማሽኖች ወደ ሰፊ ቆጣሪ ሲያሻግር፣ የኢንቴሉን 32 ቢት ግን የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ብሎ እንደነበረ ተወው። በእድሳት ብቻ የማይፈታ ችግር አለ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን እንዳለ አንተወውም?» ትሉ ይሆናል። ኢንተርኔት ካልነካ ለጊዜው ይቻላል። ከነካ ግን ዓለም ቆሞ አይጠብቀውም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ብዙ ድረ ገጾች ይተማመኑበት የነበረ አንድ የቆየ የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ሲያልፍ፣ ያልታደሱ ብዙ መሣሪያዎች ትናንት የከፈቱትን ገጽ ዛሬ መክፈት አቃታቸው። ማንም አልነካቸውም፤ የተቀየረው ዙሪያቸው ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ ድጋፉ ባለቀ ሲስተም ላይ የሚገኝ ቀዳዳ የሚደፍነው የለም።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንመለስ

እንግዲህ ውሳኔው ምንድን ነው? ታሪኩ ሦስት ጥያቄ ሰጥቶናል።

አንደኛ፣ ስንት ደረጃ ወደ ኋላ ቀርቷል? አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ማደስ ይሻላል። የእኛ ስድስት ነው፤ እንደ አዲስ መጫን ያዋጣል።

ሁለተኛ፣ መሰላሉ ይቀጥላል? ተርሚናል ከፍታችሁ «ኤልኤስሲፒዩ» የሚለውን ትእዛዝ ብትሰጡ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሥራት ይችል እንደሆነ ይነግራችኋል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ የተጫነበት ሲስተም ግን 32 ቢት የሆነ ማሽን ብዙ ነው። ያ ከሆነ መንገዱ እንደ አዲስ መጫን ነው። ራሙንም አትርሱ፤ የኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ 4 ጊጋባይት ይመክራል። ከዚያ በታች ከሆነ ዴቢያንን ከቀላል ዴስክቶፕ ጋር መሞከር ይሻላል። ከፍላሽ ላይ በ«ላይቭ» አስነስታችሁ ዲስኩን ሳትነኩ ማየት ትችላላችሁ።

ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ይህ ማሽን ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ? ብዙ ሰው ከፎርማት በፊት የሚገለብጠው ዶክመንትና ፎቶ ያለበትን «ሆም» የሚባለውን ማህደር ብቻ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ግን በዳታቤዝ ውስጥ ከሆነ የሚቀመጠው እዚያ ሳይሆን «ቫር» በሚባለው ማህደር ሥር ነው። መምህሩ ያስተካከሏቸው ቅንብሮች ደግሞ «ኢቲሲ» ውስጥ ናቸው። «ሆም»ን ብቻ ይዞ ፎርማት ያደረገ ሰው፣ ዲስኩ ከተጠረገ በኋላ ነው የዓመታት መዝገብ እንደጠፋ የሚገባው። ዳታቤዙን ስትገለብጡም ጥሬ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን በዳታቤዙ በራሱ መሣሪያ በጽሑፍ መልክ አውጡት፤ አዲሱ እትም የድሮውን ጥሬ ፋይል ላያነበው ይችላል። የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝርም ያዙ።

ከተቻለ ደግሞ አሮጌውን ዲስክ አትጥረጉት። አውጥታችሁ ቀን ጻፉበትና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፤ አዲሱን ሲስተም በሌላ ዲስክ ላይ ጫኑ። አዲሱ ቦኖ ከአሮጌው ጎን እንደተተከለው ማለት ነው። አዲሱ ሥራውን በትክክል መሥራቱን፣ የተዋሱት መጻሕፍት ሁሉ በስማቸው መታየታቸውን ሳታረጋግጡ አሮጌውን አትንኩ።

በመጨረሻም የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ። ምን እንደጫናችሁ፣ የት እንዳስቀመጣችሁ፣ ለምን እንደዚያ እንደመረጣችሁ። መርዶክና ባልደረቦቹ የጀመሩት ነገር ከሁሉ በፊት መዝገብ መያዝ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ከዚያ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው ተማሪ «ይታደስ ወይስ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን ከዚያ ገጽ ላይ ያገኘዋል።